አሜሪካ ስትሰፋ አቤት ያሉት

ይህ ጽሑፍ የተጠነሰሰው አክስቴን ለአሜሪካ የዜግነት ፈተና ሳስጠናት ነው። ጥያቄዎቹ በትንንሽ ካርድ ተጽፈው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ቡናው ቶና ደርሷል። አንዱን ካርድ አነሳሁ። «አሜሪካ በ1803 ከፈረንሳይ የገዛችው ግዛት ማን ይባላል?» «ሉዊዚያና» አለች ሳታመነታ። ሌላውን አነሳሁ። «ሱዛን ቢ. አንተኒ ምን ሠራች?» «ለሴቶች መብት ታገለች።» እሱንም አልሳተችም። ከዚያ ስኒዋን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «ግን እኮ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች መሬት ሲነጥቁና ባሪያ ሲነዱ ስለ መብት የሚጮኸው ሰው የት ነበር? ዘመኑ አንድ አይደለም እንዴ?»

ዘመኑ አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ቦታውም አንድ ነው። አንዳንዴማ ሰዎቹም ያው ናቸው። የታሪክ መጻሕፍት መስፋፋቱን በአንድ ምዕራፍ፣ የማኅበራዊ ለውጡን ንቅናቄ በሌላ ምዕራፍ ስለሚያስቀምጡት ነው የተራራቁ የሚመስሉን። እኔ እንደሚገባኝ ግን ብዙው ንቅናቄ የተቀጣጠለው በመሬቱ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ያስተሳሰረው ደግሞ አንድ ተራ ወረቀት ነው፤ አቤቱታ። ያን ቀን ለአክስቴ በቅጡ አልመለስኩላትም። አሁን ልሞክር። ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መሬቱና ጥጡ

በ1803 ናፖሊዮን ሉዊዚያና የተባለውን ሰፊ ግዛት በ15 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ስፋቱ 2.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አሜሪካ በአንድ ፊርማ እጥፍ ሆነች።

ናፖሊዮን ይህን ሁሉ ለምን ሸጠ? መልሱን ሄይቲ ላይ እናገኘዋለን። ሄይቲ የፈረንሳይ የስኳር ደሴት ነበረች። በ1791 በባርነት ይማቅቁ የነበሩት ሰዎች ተነሱ። ናፖሊዮን መልሶ ሊይዛቸው ትልቅ ጦር ላከ። ጦሩን ውጊያውና ቢጫ ወባው ጨረሱት። ሉዊዚያና ታስባ የነበረው ለዚያች ደሴት ስንቅ እንድታቀርብ ነው። ደሴቷ ከእጁ ስትወጣ ሉዊዚያናም ትርጉም አጣችበት፤ ሸጣት። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የሄይቲ ሰዎች በደማቸው ነፃ ሲወጡ፣ ያ ድል ሳያስቡት ለአሜሪካ ባርነት ሰፊ መሬት ከፈተ።

ደግሞስ ናፖሊዮን የሸጠው የማንን መሬት ነው? በዚያ ምድር ላኮታዎች፣ ኦሴጆችና ሌሎች ብዙ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። ፈረንሳይ ያስተላለፈችው «ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት በፊት ይህ ግዛት የእኔ ነው» የምትልበትን መብት ነው። ባለቤቶቹን ማስለቀቁ ገና የሚቀር ሥራ ነበር። እሱም በውል፣ በማታለልና በጦር ተሠራ።

አሁን ወደ ጥጡ። እናቶቻችን ጥጥ ሲዳምጡ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጥጡን ድንጋይ ላይ ያደርጉታል፤ መዳመጫውን ብረት ያንከባልሉበታል፤ ፍሬው ፈልቀቅ እያለ ይወጣል። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች መሃል ሀገር የሚበቅለው የጥጥ ዓይነት ፍሬው ከክሩ ጋር ሙጭጭ ያለ ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ በእጁ ፍሬውን ሲለቅም ቢውል ግማሽ ኪሎ ያህል ቢያጸዳ ነው። በ1793 ኤሊ ዊትኒ የሚባል ሰው በእጅ የሚዞር መዳመጫ ማሽን ሠራ። ማሽኑ በቀን ከ20 ኪሎ በላይ ያጸዳል።

ሥራ የሚያቀል ማሽን መጣ ሲባል የሰው ድካም የሚቀንስ ይመስላል። የሆነው ተቃራኒው ነው። መዳመጡ ስለቀለለ መትከልና መልቀም አዋጭ ሆነ። ለመትከል መሬት፣ ለመልቀም እጅ ያስፈልጋል። መሬቱ ከነባር ሕዝቦች ተወሰደ፤ እጁ በባርነት ከተያዙ ሰዎች መጣ። በ1790 በአሜሪካ 700 ሺህ ያህል ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግተዋል። ከ1808 ጀምሮ ከአፍሪካ ባሪያ ማስገባት በሕግ ተከልክሏል። ታዲያ ንግዱ በሀገር ውስጥ ሆነ። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ወደ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና የጥጥ እርሻዎች አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተወሰዱ። አንዳንዶቹ በመርከብ፣ ሌሎቹ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተቆራኝተው በእግራቸው። እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ በዚህ ንግድ ነው የተለያዩት።

ቦይ፣ ውስኪና ንስሐ

በሰሜን በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት መስፋፋት ነበር። ከምሥራቁ ጠረፍ ወደ ውስጥ ሲገባ የአፓላቺያን ተራሮች ይጋረጣሉ። ከተራሮቹ ማዶ የሰፈረ ገበሬ በቆሎው ቢትረፈረፍም በጭቃ መንገድ ገበያ ላውርደው ቢል ኪራዩ ትርፉን ይበላበታል። ስለዚህ በቆሎውን ውስኪ አድርጎ ያወጣዋል። አረቄ የምታወጣ እናት ይህ ስሌት ይገባታል። የጋሪ ሙሉ እህል ጥቂት በርሜል ውስጥ ይገባል። አይነቅዝም። ዋጋውም ይጨምራል።

በዚህ የተነሳ ውስኪ ከወተትና ከቡና ረከሰ። በ1830 ግድም ዕድሜው ከ15 ዓመት በላይ የሆነ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት 27 ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ይጠጣ ነበር። ይህ እንግዲህ አልኮሉ ብቻ ተነጥሎ ሲሰላ ነው፤ በውስኪ ሲመነዘር እጥፍ ይሆናል። መጠጥ የማቆም ንቅናቄው ለምን ያን ያህል እንደተስፋፋ የምንረዳው ከዚህ ተነስተን ነው። ለሴቶች ደግሞ ጉዳዩ የኑሮ ጉዳይ ነበር። በጊዜው ሕግ ያገባች ሴት ደመወዟ የባሏ ነው። ቤቱም የእሱ ነው። ልጆቹም በሕግ ፊት የእሱ ናቸው። ባል የሚስቱን የሳምንት ገንዘብ ጠጥቶ ቢገባ እሷ የምትከስበት አንቀጽ የለም። በ1826 ቦስተን ላይ የአሜሪካ መጠጥ የማቆም ማኅበር ሲቋቋም ብዙ ሴቶች የተከተሉት ለዚህ ነው። በ1840ዎቹ የሚጠጣው መጠን ከግማሽ በታች ወረደ።

የመንገዱን ችግር የፈታው የኢሪ ቦይ ነው። ከ1817 እስከ 1825 ተቆፈረ። ርዝመቱ 584 ኪሎ ሜትር ሆኖ የሀድሰንን ወንዝ ከኢሪ ሐይቅ ያገናኛል። ስፋቱ 12 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ብቻ ነው። ጀልባውን በዳር በዳር የሚሄዱ በቅሎዎችና ፈረሶች በገመድ ይጎትቱታል። ዳገት ሲመጣ ጀልባው በሁለት የውሃ በሮች መሃል ይገባል፤ ውሃ ይሞላበታል፤ ከፍ ይላል። እንዲህ ያሉ 83 ቦታዎች ነበሩት። አብዛኛው ሥራ በአካፋ፣ በዶማና በባሩድ ነው የተሠራው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ፤ ውስኪም እንደ ቀለብ ይታደላቸው ነበር። ቦይው ሲከፈት ከበፋሎ ኒው ዮርክ ከተማ ድረስ አንድ ቶን ጭነት ለማድረስ ይከፈል የነበረው 100 ዶላር ያህል ወደ 10 ዶላር ግድም ወረደ።

በቦይው ዳር ከተሞች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ሮቸስተር በ1820 የነበራት ሕዝብ 1,500 ያህል ነው። በ1830 ከ9 ሺህ አልፏል። ሁሉም እንግዳ፣ ሁሉም ከቤተሰቡ ተነቅሎ የመጣ። የዱቄት ወፍጮ ባለቤቱ ሠራተኛውን አያውቀውም፤ ሠራተኛው ጎረቤቱን አያውቀውም። በዚህ መሃል ነው ቻርለስ ፊኒ የተባለው ሰባኪ በ1830 መገባደጃ ወደ ሮቸስተር የመጣው። ስድስት ወር ያህል ሰበከ። ሱቅ እየተዘጋ ሕዝቡ ወደ ጸሎት ጎረፈ።

የፊኒ ስብከት ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። የቀድሞዎቹ ሰባኪዎች የሚድነውንና የማይድነውን እግዚአብሔር አስቀድሞ ወስኖታል ይሉ ነበር። ፊኒ ኃጢአትን መተው በሰው እጅ ነው አለ፤ አሁኑኑ ተነስ፣ ተወው። አንድ ሰው ኃጢአቱን ዛሬ መተው ከቻለ ሀገርስ? ባርነት ኃጢአት ከሆነ ሃምሳ ዓመት ጠብቆ ቀስ በቀስ መተው ምን ይባላል? በጥር 1831 ቦስተን ላይ ጋዜጣ የጀመረው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ባርነት ወዲያውኑ ይቅር ሲል በዚሁ አነጋገር ነው የተናገረው። አስቀድመውት ደግሞ ነፃ ጥቁሮች ነበሩ። ዴቪድ ዎከር የሚባል የቦስተን ልብስ ነጋዴ በ1829 ባርነትን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳትሞ በመርከበኞች በኩል ወደ ደቡብ ይልክ ነበር።

የቼሮኪዎች ፊደል

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር ስላለ ነው።

ቼሮኪዎች ጆርጂያ በምትባለው የደቡብ ክፍለ ግዛትና በአካባቢዋ ይኖሩ የነበሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሴኮያ የሚባል የብር አንጥረኛ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። ነጮቹ ወረቀት እያዩ ሲነጋገሩ አይቶ የእኛም ቋንቋ መጻፍ አለበት ብሎ ተነሳ። ዓመታት ፈጀበት። በ1821 ጨረሰ። የሠራው ፊደል እንደኛው ነው፤ አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢውን ይዞ አንድ ድምፅ ይሆናል። እኛ ገ፣ ጉ፣ ጊ እንደምንለው ማለት ነው። የሚለየው፣ እኛ ገን እግር እየቀጠልን ቀለበት እያደረግን ሰባት ስናደርጋት፣ እሱ ለእያንዳንዱ ድምፅ ፈጽሞ የተለየ ቅርጽ ሰጠው። ምልክቶቹ በመጨረሻ 85 ሆኑ። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው በሳምንታት ውስጥ ማንበብ ይችላል። በጥቂት ዓመታት ቼሮኪዎች በገፍ ማንበብና መጻፍ ቻሉ። በ1827 ሕገ መንግሥት አጸደቁ። በየካቲት 1828 ኒው ኢኮታ በምትባለው ዋና ከተማቸው «ቼሮኪ ፊኒክስ» የተባለ ጋዜጣ በቼሮኪኛና በእንግሊዝኛ ማሳተም ጀመሩ።

ለምን ይህን ሁሉ አደረጉ? አሜሪካውያን «እንደኛ ከሠለጠናችሁ አብረን እንኖራለን» ይሏቸው ስለነበር ነው። ሠለጠኑ። ቤት ሠሩ፣ ማረሻ ጨበጡ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሀብታሞቻቸው እንደ ጎረቤቶቻቸው ጥቁር ባሪያዎች እስከ መያዝ ደርሰዋል፤ ይህም መነገር አለበት። አልጠቀማቸውም። ጆርጂያ መሬታቸውን ለጥጥ ትፈልገው ነበር። በ1829 ደግሞ እዚያው ምድራቸው ላይ ወርቅ ተገኘ። የጆርጂያ መንግሥት የቼሮኪን ሕግ ሻርኩ አለ። ቼሮኪ በነጭ ላይ በፍርድ ቤት እንዳይመሰክር ከለከለ። በ1832 መሬታቸውን በካርታ ቆራርጦ ለነጭ ዜጎች በሎተሪ አደለው። ሰዎቹ ገና ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ምድጃቸው እየነደደ፣ የሌላ ሰው ስም ዕጣ ይወጣበታል። አንድ ቀን በሩ ይንኳኳል፤ «ይህ ቤት ደርሶኛል» የሚል ሰው ቆሟል።

አቤቱታ ማቅረብን ለቼሮኪዎች ማንም አላስተማራቸውም። በ1817 የቼሮኪ ሴቶች መሬት መሸጥ ይብቃ ብለው ለራሳቸው ሸንጎ አቤት ብለዋል። መሪያቸው ናንሲ ዋርድ የተባሉ አዛውንት ነበሩ። በቼሮኪዎች ዘንድ ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው፤ እርሻውም የሴት ነበር። ስለዚህ አዛውንቷ ወንዶቹን እንደ ልጆቻቸው ሊገሥጹ ይችሉ ነበር።

ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያሉትን ነባር ሕዝቦች ወደ ምዕራብ የሚያሰፍር ሕግ አቀረበ። በዚህ ጊዜ ካተሪን ቢቸር የምትባል የኮኔቲከት መምህርት ስሟን ሳትገልጽ ለሴቶች የሚዞር ጽሑፍ በታኅሣሥ 1829 አሰራጨች። ፍሬ ሐሳቡ ግልጽ ነው። እኛ ሴቶች ድምፅ አንሰጥም፤ አቤት ከማለት ግን የሚከለክለን የለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ሕዝብ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው ይላል። ሕዝብ ሲል ወንድ ብቻ አላለም። ከየከተማው የሴቶች ፊርማ ወደ ዋሽንግተን መጣ። አሜሪካውያን ሴቶች በአንድ ሀገራዊ ጉዳይ ላይ ተባብረው የሀገሪቱን ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ኮንግረስን፣ ሲለምኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የሴቶች የፖለቲካ ትግል የጀመረው ስለራሳቸው ድምፅ ከመጠየቃቸው በፊት፣ መሬቱ ሊነጠቅ ስለነበረ ሌላ ሕዝብ አቤት በማለት ነው። ለአክስቴ መንገር የነበረብኝ ይህንን ነው።

ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት 102 ለ97 አለፈ። አምስት ድምፅ! ጃክሰን በግንቦት 28 ቀን 1830 ፈረመበት። ቼሮኪዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሳሙኤል ዎስተር የተባለ ሚስዮናዊ ያለ ጆርጂያ ፈቃድ በቼሮኪ ምድር ተቀመጥክ ተብሎ አራት ዓመት ከባድ እስራት ተፈርዶበት ነበር። በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር አይሠራም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በእጃቸው ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን የለም። ጃክሰን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

በ1835 መጨረሻ ጥቂት ቼሮኪዎች፣ ከሕዝቡ መሪ ከጆን ሮስ ተለይተው፣ መሬቱን በ5 ሚሊዮን ዶላር የሚያስረክብ ውል ፈረሙ። ከ15 ሺህ በላይ ስሞች የያዘ የቼሮኪዎች አቤቱታ ውሉ እኛን አይወክልም አለ። ይህ ማለት ሕዝቡ በሞላ ጎደል ማለት ነው። ሴኔቱ ግን ውሉን ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በአንድ ድምፅ ብልጫ አጸደቀው።

በ1838 በጋ ወታደሮች ቤት ለቤት ገቡ። ከማዕድ ላይ የተነሳ አለ፣ ከእርሻ የተጎተተ አለ። 16 ሺህ ያህል ሰዎች መጀመሪያ በአጥር ግቢ ታጎሩ። በድርቁና በተቅማጡ ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ ረገፉ። በመኸር ጉዞ ተጀመረ። በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች መሃል ሳሉ በረዶ ወንዙን ስለዘጋው ሳምንታት ሜዳ ላይ ቆዩ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ የቼሮኪዎቹ ጥቁር ባሪያዎችም ነበሩ። 4 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። «የእንባ መንገድ» የሚባለው ይህ ነው።

አፍ መለጎሚያው ደንብ

ፀረ ባርነት ታጋዮቹ የአቤቱታውን መንገድ አይተውት ነበር። አንድ ሕጋዊ ችግር ግን ነበረባቸው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት በቨርጂኒያ ወይም በጆርጂያ ያለውን ባርነት ኮንግረስ መንካት አይችልም፤ የየክፍለ ግዛቱ ጉዳይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ግን የማንም ክፍለ ግዛት አይደለችም። በቀጥታ የምትተዳደረው በኮንግረስ ነው። በዚያች ከተማ ባሪያ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ አቤቱታው «ቢያንስ በዋና ከተማችን ባርነት ይቅር» የሚል ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነው። የታተመ ወረቀት ይመጣል። አንዲት ሴት ቅርጫቷን ይዛ በየቤቱ ታንኳኳለች። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ የመምረጥ መብት ያላቸው ወንዶች፣ በሌላው ሴቶች ይፈርማሉ። አንዷ ትፈርማለች፣ አንዷ በሩን ትዘጋባታለች። የሞሉት ወረቀቶች በሙጫ ይቀጣጠሉና ተጠቅልለው ወደ ዋሽንግተን ይላካሉ። ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ይህ ሥራ ሴቶቹን ራሳቸውን ለወጣቸው። የማታውቀው ሰው በር ላይ ቆማ ስለ ሀገር ጉዳይ የተከራከረች ሴት፣ ማታ ቤቷ ገብታ የራሷን ደመወዝ ማዘዝ የማትችልበትን ምክንያት መጠየቋ አይቀርም።

በግንቦት 26 ቀን 1836 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ባርነት የሚመጣ አቤቱታ ሁሉ ሳይነበብ፣ ሳይታተም፣ ለኮሚቴ ሳይመራ ይቀመጥ ብሎ በ117 ለ68 ድምፅ ወሰነ። አፍ መለጎሚያ ልንለው እንችላለን። ያ የቼሮኪ ውል ታውጆ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንዱ ሕዝብ አቤቱታ ተረገጠ፣ የሌላው ደግሞ ተለጎመ።

ልጓሙን አልቀበልም ያለው ሰው ያልተጠበቀ ሰው ነው። ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ነበር። ከፕሬዚዳንትነቱ በኋላ ለተወካዮች ምክር ቤት ተመርጦ የተመለሰ ሌላ ፕሬዚዳንት የለም። በጉብዝናው ዘመን የመስፋፋቱ ዋና መሐንዲስ እሱ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ በ1819 ፍሎሪዳን ከስፔን የተቀበለው፣ የአሜሪካን ወሰን በካርታ እስከ ፓስፊክ ያዘረጋው አዳምስ ነው። አሁን በ68 ዓመቱ የአቤቱታ ክምር ታቅፎ ይመጣል። ይነሳል፤ ርዕሱን ማንበብ ይጀምራል። «ሥነ ሥርዓት!» ይጮኹበታል። ይቀመጣል። ሌላውን ያነሳል። ይህን ስምንት ዓመት አደረገው። በታኅሣሥ 1844 ደንቡ በ108 ለ80 ድምፅ ተሻረ።

ከዚህ ሁሉ እኔ የማደንቀው የ1838ቱን በጋ ነው። ጉዳዩ ቴክሳስ ነበረች። ቴክሳስ የሜክሲኮ ግዛት ሳለች አሜሪካውያን ሰፋሪዎች ባሪያዎቻቸውን ይዘው ገቡባት። ሜክሲኮ በ1829 ባርነትን አስቀረች። በ1836 ሰፋሪዎቹ ተገነጠሉ፤ ከዚያም አሜሪካ ትቀበለን አሉ። ከሰሜን አትቀበሉ የሚል የአቤቱታ ጎርፍ መጣ፤ ብዙው በሴቶች የተፈረመ። አንድ የሜሪላንድ ተወካይ ሴቶች ቤታቸውን ትተው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባታቸው ያሳፍራል ብሎ ተናገረ። አዳምስ ሦስት ሳምንት ያህል በየማለዳው እየተነሳ መለሰለት። ከመጽሐፍ ቅዱስ ዲቦራንና አስቴርን ጠቀሰ፤ ሕዝባቸውን ያዳኑት ቤታቸው በመቀመጥ ነው ወይ አለ። የመስፋፋቱና የለውጡ ጥያቄ እዚያ ንግግር ላይ አንድ ሆኑ። ቴክሳስ እስከ 1845 ዘገየች።

ለውጥ ፈላጊዎቹ ግን በሁሉ የተስማሙ አልነበሩም። ያችው ለቼሮኪዎች አቤት ያለችው ካተሪን ቢቸር በ1837 ሴቶች ስለ ባርነት አቤቱታ ማዞራቸው አይገባም ብላ ጻፈች። የጻፈችው ለአንጀሊና ግሪምኬ ነው። አንጀሊና ከሳውዝ ካሮላይና ባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ወጥታ በአደባባይ ባርነትን የምታወግዝ ሴት ነበረች። መልሷን ጻፈች። በየካቲት 1838 ደግሞ በማሳቹሴትስ ምክር ቤት ፊት ቆማ ተናገረች።

1848

በዚህ ዓመት ነገሮቹ ሁሉ ተገጣጠሙ። በጥር 24 ካሊፎርኒያ ላይ ወርቅ ተገኘ። በየካቲት 2 ከሜክሲኮ ጋር የነበረው ጦርነት በውል አለቀ። አሜሪካ በ15 ሚሊዮን ዶላር ከ1.3 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ወሰደች። በየካቲት 21 ምክር ቤቱ የጦርነቱን ጄኔራሎች ለማመስገን ድምፅ ሲሰጥ የ80 ዓመቱ አዳምስ «አይሆንም» አለ፤ ድምፁ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ሊነሳ ሲል ወደቀ። ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሞተ። ዋሽንግተን የምትኖሩ ወገኖች የኮንግረስን ሕንፃ ካፒቶልን ስትጎበኙ የሐውልቶቹ አዳራሽ ወለል ላይ የወንበሩን ቦታ የምታመለክት የነሐስ ምልክት ታያላችሁ።

በዚያው ዓመት ዶሮቲያ ዲክስ ኮንግረስ ፊት ሌላ አቤቱታ አቀረበች። ዲክስ በ1841 በማሳቹሴትስ አንድ እስር ቤት ለሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ ልታስተምር ገብታ የአእምሮ ሕሙማን እሳት በሌለበት ክፍል በብርድ ታስረው አይታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍለ ግዛቶቹን እየዞረች መዘገበች። የጠየቀችው ገንዘብ አልነበረም። ከመንግሥት መሬት 5 ሚሊዮን ኤከር (2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል) ይሰጠኝ፣ ከሽያጩ ሕሙማኑ ይታከሙ አለች። በ1854 ኮንግረስ ከ12 ሚሊዮን ኤከር በላይ ፈቀደ፤ ፕሬዚዳንት ፒርስ ሻረው። ዲክስን አከብራታለሁ። ግን ያ መሬት ከማን እንደተወሰደ ሳስብ ልቤ ይከፈላል። ርኅራኄው ራሱ የሚከፈለው በተነጠቀው መሬት ነበር።

በሐምሌ 19 እና 20 ደግሞ ሴኔካ ፎልስ በምትባል ከኢሪ ቦይ ጋር በውሃ በተገናኘች የኒው ዮርክ ከተማ 300 ያህል ሰዎች ስለ ሴቶች መብት ተሰበሰቡ። የጠሩት ኤሊዛቤት ኬዲ ስታንተን፣ ሉክሬሺያ ሞትና ጓደኞቻቸው ናቸው። ሉክሬሺያና ስታንተን የተዋወቁት በ1840 ለንደን ላይ ነው፤ የፀረ ባርነት ጉባኤው ሴቶችን እንደ ተወካይ አንቀበልም ባለ ጊዜ። ሉክሬሺያ ወደ ስብሰባው ከመምጣቷ በፊት በዚያው ዓመት ሴኔካ የተባሉትን ነባር ሕዝቦች ጎብኝታ ነበር። በሴኔካዎች ዘንድ አለቃን የሚመርጡት እናቶች ነበሩ። ከተማዋ ስሟን የወረሰችው ከእነሱ ነው። በስብሰባው ግን ከነባር ሕዝቦች የመጣች ሴት ስለመኖሯ የሚናገር መዝገብ የለም። ጥቁር ሴትም አልተመዘገበችም። ከጥቁሮች የፀረ ባርነት ታጋዩ ፍሬደሪክ ዳግላስ ከሮቸስተር መጥቶ ነበር። ሴቶች ድምፅ ይስጡ የሚለው ሐሳብ ለብዙዎቹ ድፍረት መስሎ ሲታያቸው እሱ ተነስቶ ደገፈው፤ አለፈ።

በመግለጫው ላይ 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈረሙ። ወደፊት ምን እናደርጋለን ብለው ሲዘረዝሩ ለየክፍለ ግዛቱና ለሀገሪቱ ምክር ቤት አቤቱታ እናቀርባለን አሉ። ከፈራሚዎቹ አንዷ ሻርሎት ዉድዋርድ ናት። ያኔ ገና ወጣት ናት፤ ቤቷ ተቀምጣ የጓንት ቆዳ ትሰፋ ነበር። በሕግ፣ ብታገባ የስፌቱ ገንዘብ የባሏ ነው። በጋሪ መጥታ ስሟን ጻፈች። የሴቶችን ድምፅ የሚፈቅደው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1920 ሲጸድቅ ከመቶው ፈራሚ በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ምርጫው ሲደርስ ታማ ከቤት ሳትወጣ ቀረች።